ፊሽካው ለኮከቦች ይለሳለሳል?

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 28 ቀን 2023 የሎስ አንጀለስ ሌከርስና የቦስተን ሴልቲክስ የቅርጫት ኳስ ቡድኖች ቦስተን ላይ ተጋጠሙ። መደበኛው ሰዓት ሊያልቅ ጥቂት ሰከንዶች ሲቀሩ ውጤቱ እኩል ነበር። ሌብሮን ጄምስ ኳሷን ይዞ ወደ ቅርጫቱ ሲዘል የሴልቲክሱ ጄሰን ቴተም እጁን መታው። ኳሷ አልገባችም፤ ፊሽካም አልተነፋም። ጄምስ እዚያው ተንበረከከ። ፓትሪክ ቤቨርሊ የተባለው የቡድን ጓደኛው ከሜዳ ዳር የፎቶ አንሺ ካሜራ አንስቶ ምስሉን ለዳኛው ሊያሳይ ቢሄድ፣ ጭራሽ በእሱ ላይ የቴክኒክ ጥፋት ተቆጠረበት። ጨዋታው በተጨማሪ ሰዓት 125 ለ 121 በሴልቲክስ አሸናፊነት አለቀ። ዳኞቹ ከጨዋታው በኋላ ጥፋት እንደነበረና እንዳመለጣቸው አመኑ።

በዘመኑ ከእሱ በላይ ስሙ የገነነ ተጫዋች ማግኘት ይከብዳል። እንግዲህ ዳኞች ሁልጊዜ ለኮከቦች ያደላሉ ለሚል ሰው ይህች ሌሊት ትንሽ ታስቸግረዋለች።

እኔ የኳስ ሰው አይደለሁም። ዕድሜዬን የጨረስኩት በነርስነት ነው፤ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ነገሩ ውስጥ የገባሁት በ14 ዓመቱ የልጅ ልጄ ምክንያት ነው። ሜሪላንድ የምትኖረው አክስቱ 23 ቁጥር ማሊያ ከላከችለት ወዲህ የአሜሪካው ኤንቢኤ ሌላ ወሬ አሳጥቶናል። (ጨዋታዎቹ እኛ ዘንድ ብዙ ጊዜ የሚጀምሩት ከሌሊቱ 8 ወይም 9 ሰዓት ላይ ነው። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት አለበት፤ ስለዚህ እኛ ቤት ጨዋታው የሚታየው በማግስቱ ነው። በዚህ ላይ ክርክር የለም።)

ባለፈው ወር በትምህርት ቤት ውድድር አምስተኛ ጥፋት ተቆጥሮበት ከሜዳ ወጣ። የተጋጣሚው ቡድን ጎበዝ ልጅ ግን ሲገፋ ሲጎትት ውሎ እስከ መጨረሻው ተጫወተ። ልጁ ቤት ገብቶ "እማዬ፣ ኤንቢኤም እንዲሁ ነው፤ ዳኛ የትልልቆቹ ነው። ታዲያ እኔ ምን ያለፋኛል?" አለኝ። ልምምድ መሄዱንም ተወ። አባቱ "ሰበብ አታብዛ" አለው፤ እናቱ ደግሞ "ዓለም እንዲህ ናት፣ ቻለው" አለችው። ሁለቱም መልስ አልተዋጠልኝም። ልጁ የጠየቀው እውነት ነው ወይስ አይደለም ብሎ ነው። እኔም መነጽሬን አድርጌ ማንበብ ጀመርኩ።

መጀመሪያ ያጋጠመኝ ነገር ሙያዬን አስታወሰኝ። ሰዎች ለአድልዎ ማስረጃ ብለው የሚያመጡት ኮከቦች የሚያገኙትን የቅጣት ውርወራ ብዛት ነው። ይህ ብቻውን ምንም አይነግረንም። በጽኑ ሕሙማን ክፍል ከሌላው ክፍል ይልቅ ብዙ ሰው ይሞታል፤ የክፍሉ ሠራተኞች ሰነፎች ስለሆኑ ሳይሆን የሚገባላቸው በሽተኛ የከፋ ስለሆነ ነው። ኮከብም ኳሷን ከሌላው አብልጦ ይይዛል፣ ወደ ቅርጫቱ አብዝቶ ይገባል፣ ተከላካዮችም እሱ ላይ ይረባረባሉ። ብዙ የሚመታ ሰው ብዙ ቢነፋለት አይደንቅም። ዊልት ቻምበርሊንን ውሰዱ። ከ1959 እስከ 1973 ተጫውቶ አንድም ጊዜ በስድስት ጥፋት ከሜዳ አልወጣም። ተቺዎቹ ዳኞች ፈርተውት ነው ይላሉ፤ ወዳጆቹ ደግሞ ተጠንቅቆ ይጫወት ስለነበር ነው ይላሉ። ቁጥሩ ብቻውን ሁለቱንም አይለይም።

ስለዚህ ብልህ ተመራማሪዎች ሌላ መንገድ ፈለጉ። ቶቢያስ ሞስኮዊትዝ የተባለ የምጣኔ ሀብት ባለሙያና ጆን ወርታይም የተባለ የስፖርት ጋዜጠኛ በ2011 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ማንም ያልያዛትን ኳስ ለማግኘት ሁለት ተጫዋቾች ሲሻሙ የሚነፋውን ጥፋት ተመለከቱ። እዚያ ላይ አጥቂና ተከላካይ የለም፤ ሁለቱም እኩል ይተሻሻሉ። አንዱ ኮከብ፣ ሌላው ተራ ተጫዋች ሲሆን ጥፋቱ ይበልጥ የሚቆጠረው በተራው ላይ ሆኖ ተገኘ። ኮከቡ ጥፋት በዝቶበት ሊወጣ ሲቃረብ ደግሞ ልዩነቱ ይሰፋል። የልጅ ልጄ ይህን ሳነብለት "አላልኩሽም?" አለ። ብሏል፤ አልካድኩትም።

ግን ኮከብነት ብቻ አይደለም ፊሽካውን የሚያዘነብለው። ጆሴፍ ፕራይስ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ባደረገው ጥናት፣ ዳኛው እንደ ፍርዱ የሚወስናቸው ጥሪዎች ለባለሜዳው ቡድንና እየተመራ ላለው ቡድን ያደላሉ። ቦስተን ላይ ባለሜዳው ማን እንደነበረ ልብ በሉ። ይኸው ፕራይስ ከጀስቲን ወልፈርስ ጋር ከ1991 ጀምሮ የተካሄዱ ጨዋታዎችን መርምሮ፣ የዳኞቹ ዘር ከተጫዋቹ ሲለይ በተጫዋቹ ላይ የሚነፋው ጥፋት በጥቂት በመቶ ከፍ እንደሚል አገኘ። ሊጉ በወቅቱ አልተቀበለውም።

ታዲያ እነዚህ ዳኞች ክፉዎች ናቸው? እኛ ነርሶች ይህን ከደም ግፊት መለኪያ እናውቀዋለን። በሜርኩሪው እያየን በጆሮ እየሰማን ስንለካ፣ ካርዶች ላይ የሚበዛው በዜሮ የሚያልቅ ቁጥር ነበር፤ 120፣ 130፣ 140። የሰው ደም ግፊት እየመረጠ ዜሮ ላይ አይቆምም። ካርዱ ላይ "ግፊት አለበት" ተብሎ ከተጻፈ ደግሞ ጆሮ ከፍ ያለውን ቁጥር ይጠብቃል። ማንም ሊዋሽ አላሰበም። ነገሩ ከመታወቁ የተነሳ ለጥናት የሚሆን፣ እውነተኛውን ቁጥር ልኬቱ እስኪያልቅ ከለካው ሰው የሚደብቅ መሣሪያ ተሠርቷል። ዳኛም ዓይኑ ከመድረሱ በፊት ዝናው ይደርስበታል። በዚያ ፍጥነት፣ በዚያ ጩኸት መሐል፣ በቅጽበት መወሰን አለበት፤ የተጠራጠረበትን የሚሞላለት ቀድሞ የሚያውቀው ነገር ነው።

ሌባም አልጠፋም። ቲም ዶናጊ የተባለው ዳኛ በ2007 ሥራውን ለቀቀ፤ ራሱ በዳኛቸው ጨዋታዎች ላይ ይወራረድ እንደነበር ፍርድ ቤት ቀርቦ አመነና በ2008 የ15 ወር እስራት ተፈረደበት። የእሱ ነገር ገንዘብ እንጂ ለኮከብ መስገድ አልነበረም፤ ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል። (በየሰፈሩ ውርርድ ቤት በር ላይ የሚሰለፉት ወጣቶች "ሁሉም የተሸጠ ጨዋታ ነው" እያሉ ብራቸውን እዚያው ማፍሰሳቸው ግን ዛሬም አይገባኝም።)

ከሁሉም ያስገረመኝ ቀጥሎ የመጣው ነው። ያ የዘር አድልዎ ጥናት በ2007 በጋዜጦች በሰፊው ተወራ። ተመራማሪዎቹ ከዚያ በኋላ የተደረጉትን ጨዋታዎች እንደገና ሲመረምሩ አድልዎው ጠፍቶ አገኙት። ሊጉ በጉዳዩ ላይ ለዳኞቹ የተለየ ሥልጠናም ቅጣትም አላመጣም ነበር። ሰው እንደሚያያቸው ማወቃቸው ብቻ በቂ ሆነ።

ሊጉም በዓመታት ውስጥ መስኮቶችን ከፈተ። በ2014 ኒው ጀርሲ ውስጥ ምስል የሚመረመርበት ማዕከል ተቋቋመ። ከ2015 ጀምሮ ተቀራራቢ በሆኑ ጨዋታዎች የመጨረሻ ሁለት ደቂቃ ውስጥ የተነፋውና ያልተነፋው ሁሉ ተመርምሮ በማግስቱ ለሕዝብ ይወጣል፤ ስህተቱ ቢገኝም ውጤቱ አይለወጥም። በ2021 ደግሞ ሆን ብለው ተከላካይ ላይ እየተደገፉ ጥፋት የሚያስነፉ ወርዋሪዎች እንዳይሸለሙ ለዳኞች መመሪያ ተሰጠ። ውድድሩ ሲጀመር ቅሬታ ካሰሙት መካከል ትልልቅ ስሞች ነበሩበት።

ለልጁ ያልኩት ይህን ነው፦ አድልዎ አለ፤ አንተ የምታስበውን ያህል ግን አይደለም። ከዚያ ደብተር ገዛሁለት። በአንድ በኩል ኮከቡ አጥፍቶ ያልተነፋበትን፣ በሌላው በኩል ኮከቡ ተመትቶ ያልተነፋለትን እንዲጽፍ ነገርኩት። ሁለቱም ዓምዶች መሙላታቸውን ሲያይ ተናደደ። ቀጥሎ ደግሞ "እማዬ፣ ኳሷንም እጁንም እግሩንም ባንዴ ማየት አይቻልም" ብሎ ቅሬታ አቀረበ፤ እሱ እያቆመና እየመለሰ እያየ።

ከወላጆች አንዱ የትምህርት ቤቱን ጨዋታ በስልክ ቀርጾት ነበር። ያንንም አብረን አየን። ከአምስቱ ጥፋቶች ሦስቱን ያለ ክርክር ተቀበለ፤ ተከላክሎ ሲዘገይ እጁን ይሰድዳል። ቅዳሜ ዕለት ጫማውን አንጠልጥሎ ልምምድ ሄደ። ሁለቱን ጥፋቶች አሁንም አይቀበልም። ደጋግሜ አይቼዋለሁ፤ በአንዱ እኔም ከእሱ ጋር ነኝ።