«ሊኑክስ አማርኛ አይጽፍም» ያለው ማነው?

ማመልከቻ ላስጽፍ ዱከም ዋናው መንገድ ዳር ካሉት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቶች ወደ አንዱ ገባሁ። ጥግ ላይ ጨርቅ የለበሰ ኮምፒውተር አየሁና «ይሄ ምን ሆኖ ነው?» አልኩ።

«እሱማ አለቀለት ጋሼ» አለች ጸሐፊዋ፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳታነሣ። «የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ቆመ፤ 11ን ደግሞ አይችለውም። ሊኑክስ ጫኑበት ተብለን ነበር። ግን ሊኑክስ አማርኛ አይጽፍም አሉ።»

እነማን ናቸው ያሉት? «አሉ» ነዋ! ይህቺን «አሉ» በአንድ ወር ውስጥ ስሰማ ሦስተኛዬ ስለሆነ ትዕግሥቴ እዚያው ተሟጠጠ።

ከወሬው ግማሹ እውነት ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል፤ ብዙ አሮጌ ማሽኖች 11ን አለመቻላቸውም ሐቅ ነው። የቀረው ግማሽ ግን ውሸት ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ያ ጨርቅ የለበሰው ኮምፒውተር ገና ሳይሠራ ማለት ነው።

አጫጫኑን አልተርክም። ሉቡንቱን ወይም ቀለል ያለ ገጽ ያለውን ዴቢያን ፍላሽ ላይ ጽፎ ማስነሣት የሰፈር ጥገና ቤት ሁሉ የሚያውቀው ሥራ ነው። አንድ ነገር ብቻ ልበል፦ ማሽኑ 64 ቢት መሆኑን አስቀድማችሁ አረጋግጡ፤ ዴቢያን ከ13ኛው ዕትሙ ጀምሮ ለ32 ቢት ማሽኖች መጫኛ ማዘጋጀቱን ትቷል።

አሁን ወደምወደው ልሂድ። ኪቦርድ ፊደል አያውቅም። «ኤል» የታተመበትን ቁልፍ ስትጫኑ ወደ ውስጥ የሚገባው ቁጥር ነው። የሊኑክስ ከርነል 38 ይለዋል፤ ኤክስ የሚባለው የመስኮት ሥርዓት በቆየ ልማዱ 8 ደምሮ 46 ያደርገዋል። ቁልፉ ላይ ያለው ጽሑፍ ለእኛ ዓይን የተሰቀለ ታፔላ ነው እንጂ ማሽኑ አያነበውም። ቁጥሩን ወደ ፊደል የሚመነዝረው ኤክስኬቢ የተባለ ሠንጠረዥ ነው። ሠንጠረዡ ሲቀየር ቋንቋው ይቀየራል፤ 46 ግን ያው 46 ነው። የፔንሲዮን ክፍል በሉት፦ በሩ ላይ ያለው ቁጥር አይነካም፣ የሚለዋወጠው እንግዳው ነው።

ኤክስኬቢ በአንድ ጊዜ እስከ አራት ሠንጠረዥ ደርድሮ ይይዛል። አልትንና ሺፍትን አንድ ላይ መጫን ከአንዱ ወደ ሌላው እንዲያሻግር ማድረግ ይቻላል። የስክሮል ሎክን መብራትም የቋንቋ ምልክት ልታደርጓት ትችላላችሁ፤ ስትበራ ከመጀመሪያው ሠንጠረዥ ወጥታችኋል ማለት ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ሥራ ፈትታ ለኖረች መብራት ጥሩ እንጀራ ነው።

አራት ሠንጠረዥ ለዱከም ይበቃል? አፋን ኦሮሞ፣ አማርኛ፣ እንግሊዝኛ፣ ከምሥራቅ ኢንዱስትሪ ዞን መምጣት ወዲህ ደግሞ ቻይንኛ በየታፔላው የሚነበብባት ከተማ ናት። አራት ለአራት ስለሆነ ልክ የመጣ ይመስላል። አልመጣም። አፋን ኦሮሞ እ.ኤ.አ. ከ1991 ወዲህ በቁቤ፣ ማለትም በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ ከእንግሊዝኛው ጋር አንድ ሠንጠረዥ ይጋራል። እዚህ ጋ አንድ ጉድጓድ አለ። ሰው «ዓለም አቀፍ» የሚል ቅጥያ ያለውን የአሜሪካ ሠንጠረዥ ስሙ ደስ ብሎት ይመርጣል። በዚያ ሠንጠረዥ ነጠላ ጭረቷ (') ስትነካ ዝም ትልና ቀጥሎ የሚመጣው አናባቢ ራስ ላይ እንደ ፈረንሳይኛ ምልክት ትወጣለች። ቁቤ ግን ያቺን ጭረት ሁዻ ብሎ በቃል መካከል ይጠቀምባታል። ፍየል በኦሮምኛ «ሬኤ» ናት፣ መሐሏ ላይ ሁዻ አለች፤ በ«ዓለም አቀፉ» ሠንጠረዥ ስትጻፍ ፍየሏ ፈረንሳዊት ሆና ትወጣለች። ቅጥያ የሌለውን ተራውን የአሜሪካ ሠንጠረዥ ምረጡ።

ቻይንኛውና አማርኛው ደግሞ በሠንጠረዥ ብቻ አይሆኑም። ወሬው የተወለደው እዚህ ይመስለኛል። ከኤክስኬቢ ዝርዝር ውስጥ የአማርኛ ሠንጠረዥ አለ። ሰው ይመርጠዋል፣ የግዕዝ ፊደል ይወጣለታል፣ ደስ ይለዋል፤ አናባቢ ሲጨምርበት ግን ፊደሉ አልገጥም ይለዋል። ሠንጠረዥ የሚያውቀው አንድን ቁልፍ ለአንድ ፊደል መስጠት ነው። ቁጠሩት እስቲ፦ 33 ፊደል በ7 ሲባዛ 231 ነው፣ ሏን፣ ቧንና ጓደኞቻቸውን ሳንጨምር። ፊደል የሚጽፉት ቁልፎች ግን 50 አይሞሉም፤ ሺፍት ቢታከልበትም መቶ አይደርሱም።

ስለዚህ ከሠንጠረዡ በላይ ሌላ ፕሮግራም ይቀመጣል። ስሙ ነው ያስቸገረኝ። «የግቤት ስልት» የሚለው ትርጉም የመመሪያ ደብዳቤ ይሸታል። «ገጣሚ» ልለው አሰብኩ፤ ቅኔ የሚዘርፍ መሰለኝ። «አዳቃይ» እንዳልለው ዲቃላ ፊደል የሚባለው ሌላ ነገር ነው። እንደ መኪና ፋብሪካ «ገጣጣሚ» ልበለውና ልለፍ።

ገጣጣሚው «ላ»ን እንዴት ይሠራል? መጀመሪያ «ኤል»ን ስትነኩ ስክሪኑ ላይ ል ብቅ ትላለች፣ ሥሯ ግን ተሰምሮበታል። ያቺ ሥሯ የተሰመረባት ል ገና ሰነዱ ውስጥ አልገባችም። የምትጽፉበት ፕሮግራም እንኳ የራሱ ንብረት አድርጎ አልተረከባትም፤ ገጣጣሚው በእጁ ይዟታል። ሚኒባሱ ሊነሣ ሲል ረዳቱ በሩን ይዞ «አንድ ሰው፣ አንድ ሰው!» የሚለው ዓይነት ነው። ቀጥሎ የመጣው አናባቢ ከሆነ ይሳፈራል፣ ል ወደ ላ ትለወጣለች፣ መሥመሩ ይጠፋል፣ ፊደሏ ለሰነዱ ትሰጣለች። የመጣው ሌላ ተነባቢ ከሆነ ደግሞ ረዳቱ በሩን ይዘጋል፤ ል እንደ ሳድስነቷ ትሄዳለች፣ አዲሱ ተነባቢ በተራው መጠበቅ ይጀምራል። ወይም ምጣድ ላይ ያለ እንጀራ በሉት፤ ዓይን ቢያወጣም አክንባሎው እስኪነሣ ድረስ እንጀራ አይባልም።

ከሥሩ ያለው ሒሳብ ደግሞ ውብ ነው። ዩኒኮድ ለእያንዳንዱ የፊደል ቤተሰብ ስምንት ተከታታይ ቁጥር ሰጥቷል። ለ 4616 ናት፣ ሉ 4617፣ ሊ 4618፣ ላ 4619፣ ሌ 4620፣ ል 4621፣ ሎ 4622፤ ስምንተኛዋ ወንበር፣ 4623፣ የሏ ናት። ከል ላይ ሁለት ስትቀንሱ ላ ትመጣለች። ኦሮምኛን በግዕዝ ፊደል ለመጻፍ የምታገለግለው ዸ እንኳ በደ እና በጀ መካከል 4856 ላይ ከነቤተሰቧ ተቀምጣለች። (በተግባር ገጣጣሚው የሚሠራው በመቀነስ ሳይሆን «ይህ ከዚህ ጋር ሲመጣ ይህን ጻፍ» የሚል ረጅም ዝርዝር እያነበበ ነው። እንደ ኳ እና ጓ ያሉት ደግሞ የየራሳቸው ሰፈር ስላላቸው ቅነሳው አይሠራላቸውም።)

ይህ መጠበቅ ግን ዋጋ አለው። «መልአክ» ብላችሁ ለመጻፍ ኤም፣ ኢ፣ ኤል፣ ኤ፣ ኬ ብትነኩ የሚወጣው «መላክ» ነው። ገጣጣሚው አላጠፋም፤ ል ስትጠብቅ አናባቢ መጣላት፣ አሳፈረችው። መፍትሔው ከኤል ቀጥሎ ነጠላ ጭረቷን መንካት ነው፤ «በሩን ዝጋ» ማለት ነው። ያቺ በቁቤ ሁዻ የሆነችው ቁልፍ ናት፣ እዚህም የምታደርገው መለየት ነው።

የገለጽኩት አጻጻፍ ሴራ ይባላል። (ከተንኮል ጋር አታገናኙት፤ የእንግሊዝኛ ምኅጻረ ቃል ነው።) እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ያዘጋጁት ነው። እዚህ ላይ ጠብ አለ፤ እኔም ገለልተኛ ስላልሆንኩ በጥንቃቄ ልናገር። ሴራ ያለ አናባቢ የተነካን ተነባቢ ሳድስ ያደርገዋል። ሌሎች አጻጻፎች ግዕዙን ያስቀድማሉ፤ «ኤል» ብቻዋን ስትነካ ለ ትወጣለች። እኔ የሳድሱ ወገን ነኝ። «ትምህርት» የሚለውን ቃል ተመልከቱ፤ አምስቱም ፊደል ሳድስ ነው፣ በሴራ አምስት ንክኪ ይበቃዋል። ሳድስ ሁሉ አናባቢ በሚፈልግበት አጻጻፍ አሥር ይሆናል። ተቃዋሚዎቼ ወዲያው «ከበደ»ን ያመጡብኛል፤ በእነሱ ሦስት፣ በእኔ ስድስት። ትክክል ናቸው። በአንድ ቃል አይፈረድም፤ ጣቱ በአንዱ አጻጻፍ ለዓመታት የሠለጠነ ጸሐፊም ንክኪ ስለቆጠርኩለት አይቀየርም፣ መቀየርም የለበትም። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ኪማን የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ለሊኑክስም ተዘጋጅቷል፤ ከግዕዝ ኪቦርዶቹ መምረጥ ነው።

ወደ ዱከሙ ማሽን ልመለስ። የጫንኩት አይባስ የሚባለውን ገጣጣሚ አስተናጋጅና ከጃፓን የመጣውን የኤም17ኤን የቋንቋ ስብስብ ነው። (17 የዕትም ቁጥር አይደለም፤ በእንግሊዝኛው ረጅም ቃል ከኤም እስከ ኤን መሐል ያሉት ፊደላት ብዛት ነው።) ከዝርዝሩ የአማርኛውን ሴራ መረጥኩ። ለቻይንኛው ፒንዪን እዚያው ይጨመራል፤ የሚሠራው በዚያው የረዳቱ ዘዴ ነው፣ ልዩነቱ ተሳፋሪው ብዙ ስለሆነ ከዝርዝር ማስመረጡ ነው። ማሽኑ ላይ ያለው ራም 2 ጊጋባይት ነው፤ አይባስ የሚወስደው አንድ የድረ ገጽ ትር ከሚበላው ያንሳል።

ከዚያ የተለመደው ችግር መጣ፦ በአንዱ ፕሮግራም አማርኛ ይጻፋል፣ በሌላው አይጻፍም። ምክንያቱ ፕሮግራሞች የሚሠሩት በተለያየ መሣሪያ መሆኑ ነው፤ አንዱ በጂቲኬ፣ ሌላው በኪዩቲ፣ አሮጌው በቀጥታ በኤክስ። ለሦስቱም ገጣጣሚው አይባስ መሆኑ በየግል መነገር አለበት። ትልልቆቹ ዴስክቶፖች ይህን ራሳቸው ያደርጉታል፤ ቀላሎቹ ላይ «የግቤት ስልት» የሚለውን ማስተካከያ ከፍቶ አይባስን መምረጥ ያስፈልጋል። ምርጫው የሚጸናው ወጥታችሁ ስትገቡ ነው። ሰው ይህችን ይረሳና «አሉ» ይወለዳል። ኤክስን በሚተካው በአዲሱ ዌይላንድ ላይ አሠራሩ ስለሚለይ ይህ ሁሉ የኤክስ ወግ መሆኑን ያዙልኝ።

በፊደል ፋንታ ሳጥን ብቻ ካያችሁ ጥፋቱ የኪቦርድ አይደለም፤ ፎንት የለም ማለት ነው። አቢሲኒካን ወይም ኖቶን ጫኑ። ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት ፎንቶች የተጻፈ ሰነድ የላቲን ዝብርቅርቅ ሆኖ ቢከፈትም ኪቦርዱን አትውቀሱ። ያ ሰነድ ድሮም ውስጡ ላቲን ነበር፣ ግዕዝ ያስመሰለው ፎንቱ ነው፤ የሚያስፈልገው መቀየሪያ ነው።

ጸሐፊዋ ማመልከቻዬን መጨረሻ ላይ የጻፈችው በዚያው ጨርቅ ለብሶ በነበረው ማሽን ነው። ሁለት ገጽ ሆነ፤ አንዱ በአማርኛ፣ አንዱ በአፋን ኦሮሞ፣ አንድም ሳጥን የለበትም። እናንተም አሮጌውን ኮምፒውተር በቅራሌው ዋጋ ከመስጠታችሁ በፊት አንድ ከሰዓት ስጡት። መጀመሪያ «መልአክ» ብላችሁ ሞክሩት፤ «መላክ» ካላችሁ ጭረቷን ረስታችኋል።