የሞዴል አውሮፕላን ሪሲቨርና የቮልቴጅ መውረድ

በሬዲዮ የሚመሩ ሞዴል አውሮፕላኖች በበረራ ላይ እያሉ ድንገት ትእዛዝ መቀበል አቁመው ሲከሰከሱ፣ ባለቤቶቻቸው ብዙውን ጊዜ ጥፋቱን የሚያላክኩት በሬዲዮ ሞገድ መጠላለፍ ነው። ይህ ምክንያት አልፎ አልፎ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ይሁን እንጂ በ2.4 ጊጋኸርዝ የሚሠሩት የዘመኑ መሣሪያዎች እያንዳንዱ ሪሲቨር የራሱን ማስተላለፊያ ብቻ ለይቶ እንዲያዳምጥ ተደርገው የተሠሩ በመሆናቸው፣ የአደጋውን ምክንያት የሚፈልግ ሰው ከአንቴናው በፊት ባትሪውን፣ ሽቦውንና ማብሪያ ማጥፊያውን ቢመረምር ይበልጥ ይቀናዋል። ሪሲቨሩ የሚመገበው ቮልቴጅ ለቅጽበት እንኳ ከተወሰነ መጠን በታች ከወረደ መሣሪያው ሥራውን ያቆማል፤ አውሮፕላኑ ከወደቀበት ተነሥቶ ባትሪው ሲለካ ግን ቮልቴጁ ወደ ቦታው ተመልሶ ስለሚገኝ፣ እውነተኛው ጥፋተኛ ሳይታወቅ ይቀራል።

ነገሩን ለመረዳት የአውሮፕላኑን የውስጥ አሠራር በጥቂቱ ማወቅ ያሻል። አብራሪው በእጁ የሚይዘው ማስተላለፊያ የጣቶቹን እንቅስቃሴ በሬዲዮ ሞገድ ይልካል፤ በአውሮፕላኑ ሆድ ውስጥ የተቀመጠው ሪሲቨር፣ ማለትም ተቀባዩ መሣሪያ፣ መልእክቱን ፈትቶ ሰርቮ ለሚባሉት ትናንሽ ሳጥኖች ያደርሳል። እያንዳንዱ ሰርቮ በውስጡ አነስተኛ ሞተር፣ ጥርሳማ ማርሾችና መቆጣጠሪያ ሰርኪዩት ያሉት ሲሆን፣ በክንፉና በጅራቱ ጫፍ ያሉትን ታጣፊ መሪዎች የሚገፋውና የሚስበው እርሱ ነው። በአብዛኞቹ ሞዴሎች ሰርቮዎቹ ኃይል የሚያገኙት በራሱ በሪሲቨሩ በኩል ነው። በመሆኑም ከአንድ አምፒር እጅግ ያነሰ ፍሰት የሚበቃው ሪሲቨርና በአንድ ጊዜ ብዙ አምፒር የሚስቡት ሰርቮዎች ከአንድ ባትሪ፣ በአንድ ሽቦ ይመገባሉ፤ የችግሩ ሥር ያለውም እዚህ ላይ ነው።

ማንኛውም ባትሪ በውስጡ፣ ማንኛውም ሽቦና ማገናኛም በበኩሉ፣ የኤሌክትሪክን ፍሰት የሚገታ ሬዚስታንስ አለው። ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ጌኦርግ ኦም እ.ኤ.አ. በ1827 ባሳተመው ሕግ መሠረት በዚህ መንገድ ላይ የሚቀረው ቮልቴጅ የፍሰቱና የሬዚስታንሱ ብዜት ነው፤ በቤት ውስጥ የኤሌክትሪክ ምጣድ ሲሰካ የሳሎኑ አምፖል ደብዘዝ የሚለውም በዚሁ ሕግ ነው። ለምሳሌ 4.8 ቮልት ተብሎ የተጻፈበት ባትሪ ከነሽቦው፣ ከነማብሪያውና ከነማገናኛው በድምሩ 0.3 ኦም ሬዚስታንስ ቢኖረው፣ አውሮፕላኑ ቆሞ ሳለ ቮልቴጁ እንዳለ ሪሲቨሩ ዘንድ ይደርሳል፤ አብራሪው አውሮፕላኑን በፍጥነት ሲያዞርና ሰርቮዎቹ በአንድነት 5 አምፒር ሲስቡ ግን 1.5 ቮልት በመንገድ ላይ ይቀርና ለሪሲቨሩ የሚተርፈው 3.3 ቮልት ብቻ ይሆናል። ብዙዎቹ የዛሬ ሪሲቨሮች ደግሞ ለመሥራት ቢያንስ 3.5 ቮልት ገደማ ይፈልጋሉ። እንግዲህ አውሮፕላኑ መሪውን የሚያጣው መሪው እጅግ በሚያስፈልገው ሰዓት ነው።

ይህ ሥጋት ከሬዲዮ ቁጥጥሩ ጋር አብሮ የተወለደ አይደለም። መንትዮቹ አሜሪካውያን ዋልተርና ዊሊያም ጉድ እ.ኤ.አ. በ1937 ያበረሩት፣ ዛሬ በስሚዝሶኒያን ብሔራዊ የአየርና የሕዋ ሙዚየም የሚገኘው «ገፍ» የተባለው አውሮፕላን የዚህ ጥበብ ፈር ቀዳጅ ከሚባሉት አንዱ ነው። በእነዚያ ቀደምት ዘመናት በብዙ ሞዴሎች ላይ መሪውን የሚያንቀሳቅሰው ጉልበት የሚመጣው ከተጠመዘዘ ላስቲክ ሲሆን፣ የባትሪው ድርሻ ላስቲኩን የሚይዘውን ትንሽ መቆለፊያ በኤሌክትሮማግኔት መልቀቅ ብቻ ነበር። ኋላ ሰርቮ ሲመጣ የኃይሉ ሸክም በሙሉ በባትሪው ላይ ወደቀ፤ ቢሆንም በ35፣ በ40 ወይም በ72 ሜጋኸርዝ ይሠሩ ከነበሩት ሪሲቨሮች ቀለል ያሉት ኮምፒዩተራዊ አንጎል ስላልነበራቸው፣ ቮልቴጁ ወርዶ ሲመለስ ወዲያውኑ ሥራቸውን ይቀጥሉ ነበር፤ አብራሪው የሚያየው አውሮፕላኑ ለአፍታ ሲንቀጠቀጥ ብቻ ነበር።

በ2000ዎቹ አጋማሽ በ2.4 ጊጋኸርዝ የሚሠሩ መሣሪያዎች ለገበያ ሲቀርቡ ሁኔታው ተለወጠ። እነዚህ ሪሲቨሮች በፕሮግራም የሚመሩ ስለሆኑ ቮልቴጁ ከወሰናቸው በታች ሲወርድ ይጠፋሉ፤ ሲመለስም እንደገና ተነሥተው፣ ማስተላለፊያቸውን ፈልገው አግኝተው ነው ሥራ የሚጀምሩት። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ይህ ሂደት ጥቂት ሴኮንዶች ይወስድ ነበር። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚበር ሞዴል በአንድ ሴኮንድ 28 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ በሁለት ሴኮንድ ውስጥ ከ55 ሜትር በላይ ያለ አብራሪ ይበራል ማለት ነው፤ ይህን ያህል ከፍታ ላይ የሌለ አውሮፕላን አፍንጫው ወደ መሬት ዞሮ ከነበረ መዳኛ የለውም። አምራቾች ዳግም የመነሣቱን ጊዜ ከዚያ ወዲህ በእጅጉ አሳጥረውታል፤ አንዳንዶቹም ኃይል ተቋርጦ እንደነበር የሚያስታውቅ ብልጭ ድርግም የሚል መብራት በሪሲቨሩ ላይ አኑረዋል። ከእያንዳንዱ በረራ በኋላ ባትሪው ከመነቀሉ በፊት ይህን መብራት መመልከት ምንም ወጪ የሌለው ምርመራ ሲሆን፣ የሚያሳዝነው ግን ብዙ አብራሪዎች አውሮፕላኑ በሰላም ካረፈ ዞር ብለው አለማየታቸው ነው።

መከላከያው ከባትሪው ይጀምራል። በባትሪ ላይ በሚሊ አምፒር ሰዓት የሚጻፈው ቁጥር ምን ያህል ጊዜ እንደሚያገለግል እንጂ በአንድ ጊዜ ምን ያህል ፍሰት ሊሰጥ እንደሚችል አይናገርም፤ ገዢዎችን የሚያሳስተውም ይህ ነው። ከእጅ ባትሪ ድንጋይ የማይተልቁ አራት የኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ሴሎች ተገጣጥመው የሚሠሩት 4.8 ቮልት ባትሪዎች ቀላል ለሆነ አውሮፕላንና ለአራት ተራ ሰርቮዎች ይበቁ ይሆናል፤ ለትላልቅ ዲጂታል ሰርቮዎች ግን ከመጀመሪያው የተሳሳቱ ምርጫዎች ናቸው። ዲጂታል ሰርቮ ለሞተሩ የሚሰጠው የኃይል ምት ከተራው ሰርቮ ይልቅ በጣም የተደጋገመ በመሆኑ ቦታውን አጥብቆ ይይዛል፤ ለዚህ ጥንካሬው የሚከፍለውም በአምፒር ነው። አምስተኛ ሴል ጨምሮ ባትሪውን 6 ቮልት ማድረግ ከአደጋው ወሰን የሚያርቅ ርካሽ መፍትሔ ሲሆን፣ ከዚያ የሚሻለው ደግሞ ሁለት የሊቲየም አይረን ፎስፌት ሴሎች ያሉት 6.6 ቮልት ባትሪ ነው፤ ሰርቮዎቹ ይህን ቮልቴጅ የሚችሉ ከሆኑ ያለ ተቆጣጣሪ በቀጥታ ሊሰካ ይችላል። የባትሪ ውስጣዊ ሬዚስታንስ በእርጅናና በብርድ ስለሚጨምር፣ አምና በደህና ያበረረ ባትሪ ዘንድሮ በቀዝቃዛ ጠዋት ሊከዳ ይችላል።

በኤሌክትሪክ ሞተር የሚበሩ ሞዴሎች አብዛኛውን ጊዜ ለሪሲቨሩ የተለየ ባትሪ አይይዙም። የሞተሩን ፍጥነት የሚቆጣጠረው መሣሪያ በውስጡ ቢኢሲ የሚባል ክፍል ስላለው፣ ይህ ክፍል የዋናውን ባትሪ ከፍተኛ ቮልቴጅ ወደ 5 ወይም 6 ቮልት አውርዶ ለሪሲቨሩና ለሰርቮዎቹ ያድላል። ቢኢሲ ሁለት ዓይነት ነው። የቆየውና ርካሹ ዓይነት፣ ሊኒየር የሚባለው፣ የተረፈውን ቮልቴጅ ወደ ሙቀት ለውጦ ያስወግዳል፤ ሦስት ሴል ያለው የሊቲየም ፖሊመር ባትሪ ሙሉ ሲሆን 12.6 ቮልት ስለሚሰጥ፣ ሰርቮዎቹ በ5 ቮልት 2 አምፒር ሲስቡ ከ15 ዋት በላይ የሚሆን ኃይል በጣት ጥፍር በምታህል ቺፕ ላይ ሙቀት ሆኖ ይከማቻል። ቺፗ ከመጠን በላይ ስትግል ራሷን ለመጠበቅ ትዘጋለች፤ ራሷን ስታድን አውሮፕላኑን ትገድላለች። እግረ መንገድ ለመጥቀስ ያህል፣ አየሩ ሳሳ ባለባቸው እንደ አዲስ አበባ ባሉ ከፍተኛ ቦታዎች ነፋሱ ሙቀትን የመውሰድ አቅሙ ስለሚቀንስ፣ በባሕር ዳርቻ አገሮች የተፈተነ መሣሪያ የተጻፈለትን አምፒር ሁሉ ይሰጣል ብሎ መተማመን አይገባም። ስዊቺንግ የሚባለው ሁለተኛው ዓይነት የባትሪውን ኃይል በከፍተኛ ፍጥነት እየከፈተና እየዘጋ ስለሚያስተላልፍ ብክነቱ ጥቂት ነው፤ ከአራት ሴል ጀምሮ ላለ ባትሪ ሌላ ምርጫ ማሰብ አያስፈልግም፤ አውሮፕላኑ ተለቅ ያለ ከሆነም ለብቻው የሚገጠም ስዊቺንግ ቢኢሲ መግዛት ከአዲስ አውሮፕላን ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ወጪ ነው።

ጥሩ ባትሪ የያዘ አውሮፕላን እንኳ በቀጭን ሽቦ ምክንያት ሊወድቅ ይችላል። የመዳቡ ስፋት 0.13 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነው ቀጭን የሰርቮ ሽቦ ከባትሪ እስከ ሪሲቨር 30 ሳንቲ ሜትር ቢረዝም፣ ፍሰቱ ሄዶ የሚመለስ በመሆኑ የመንገዱ ርዝመት 60 ሳንቲ ሜትር፣ ሬዚስታንሱም 0.08 ኦም ገደማ ይሆናል፤ 6 አምፒር ሲያልፍበት ግማሽ ቮልት የሚጠጋ ይወስዳል። በዚያው ርዝመት 0.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ ሽቦ የሚወስደው ከ0.13 ቮልት አይበልጥም። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚስቱት ነጥብ አለ፤ ከሪሲቨሩ ወዲያ እስከ ሰርቮው ያለው ረጅም ሽቦ የሚያዳክመው ያንኑ ሰርቮ ብቻ ሲሆን፣ ሪሲቨሩን የሚያጠፋው ከባትሪው እስከ ሪሲቨሩ ያለው የጋራ መንገድ ነው። ስለዚህ መወፈርና ማጠር ያለበት በቅድሚያ ይህ መንገድ ነው፤ ባትሪውን በሁለት ሽቦ፣ በሁለት የተለያዩ የሪሲቨሩ ቀዳዳዎች ማስገባትም የሽቦውንና የማገናኛውን ሬዚስታንስ በግማሽ ይቀንሳል። በዚሁ መንገድ ላይ የሚገኙት ማብሪያ ማጥፊያና ማገናኛ በንዝረትና በዝገት የሚዳከሙ ስለሆኑ፣ ንክኪው የላላ ማብሪያ ወይም ቀለሙ የጠቆረ ማገናኛ ጠርጎ ከመመለስ መለወጥ ይሻላል።

በገበያ ላይ እንደ ፈውስ ከሚሸጡት ነገሮች አንዱ በሪሲቨሩ ክፍት ቀዳዳ የሚሰካ ካፓሲተር፣ ማለትም ጥቂት ኤሌክትሪክ አጠራቅሞ በቅጽበት የሚመልስ ዕቃ ነው። የተለመደው መጠን 4,700 ማይክሮፋራድ ሲሆን፣ ስሌቱ ግን ተስፋ የሚሰጥ አይደለም፤ ይህ ካፓሲተር ቮልቴጁ በአንድ ቮልት እስኪወርድ ድረስ 5 አምፒር ሊሰጥ የሚችለው ከአንድ ሚሊ ሴኮንድ ላነሰ ጊዜ ነው። ሰርቮዎች ሲነሡ የሚፈጥሩትን እጅግ አጭር መንገጫገጭ ያለሰልስ ይሆናል፤ የሰርቮ ጭነት ግን በአሥሮችና በመቶዎች በሚቆጠሩ ሚሊ ሴኮንዶች የሚቆይ ስለሆነ፣ ደካማ ባትሪን በካፓሲተር ማዳን አይቻልም። ጉዳቱ ችግሩን በከፊል ሸፍኖ ባለቤቱን ማዘናጋቱ ነው።

ፍሰቱን ከምንጩ መቀነስም ይቻላል፤ ይህ ገንዘብ ሳይሆን ትዕግሥት ብቻ የሚጠይቅ ሥራ ነው። ማጠፊያው የጠነከረ መሪ፣ የተጣመመ መግፊያ ዘንግ፣ ወይም መሪው ከደረሰበት ወሰን አልፎ እንዲገፋ የታዘዘ ሰርቮ ያለ ማቋረጥ ይታገላል፤ ሞተሩ ሳይዞር የታገተ ሰርቮ ደግሞ ሊስብ የሚችለውን ከፍተኛ ፍሰት ይስባል። አውሮፕላኑ ጠረጴዛ ላይ ሳለ የማስተላለፊያው መቆጣጠሪያ ዱላ ወደ ዳር ተገፍቶ ሲያዝ ሰርቮው ያለ ማቋረጥ የሚያጉረመርም ከሆነ፣ ይህ ድምፅ የታገተ ሰርቮ ድምፅ ስለሆነ የዘንጉን ርዝመት ወይም የእንቅስቃሴውን ወሰን ማስተካከል ያስፈልጋል።

በትላልቅና ውድ ሞዴሎች ላይ ሁለት ባትሪና ሁለት ማብሪያ መጠቀም የተለመደ ነው። ባትሪዎቹ የሚገናኙት ፍሰትን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ በሚያሳልፉ ዳዮዶች ከሆነ፣ አንዱ ባትሪ ቢሞት ሌላውን ይዞ አይሄድም፤ ሾትኪ የሚባሉት ዳዮዶች ግን ራሳቸው ከ0.3 እስከ 0.5 ቮልት ስለሚወስዱ፣ በ4.8 ቮልት ባትሪ ላይ ከተገጠሙ መድኃኒቱ ከበሽታው የከፋ ይሆናል።

ይህ ሁሉ ከተስተካከለ በኋላ የሚቀረው መለካት ነው። የቮልቴጅ መለኪያ በሪሲቨሩ ክፍት ቀዳዳ ተሰክቶ፣ ረዳት ሰው መሪዎቹን በእጁ ለስለስ አድርጎ እየተቋቋመ፣ አብራሪው ሁለቱንም ዱላዎች በፍጥነት ወዲያና ወዲህ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ያንቀሳቅሳል። ተራ መልቲሜትር በሴኮንድ ጥቂት ጊዜ ብቻ ስለሚያነብ አጫጭር ውድቀቶችን ይስታቸዋል፤ ስለዚህ ዝቅተኛውን ንባብ የሚይዝ መለኪያ፣ ወይም ቮልቴጁን ከአውሮፕላኑ ወደ መሬት የሚልክ ቴሌሜትሪ ይመረጣል፤ ቴሌሜትሪው ካለ በእውነተኛ በረራ ላይ የደረሰውን ዝቅተኛ ቮልቴጅ ከየበረራው በኋላ መመዝገብ ባትሪው እያረጀ መሆኑን ቀድሞ ያሳያል። በዚህ ፍተሻ ቮልቴጁ ከ4.5 ቮልት በታች የሚወርድ አውሮፕላን፣ ሪሲቨሩ እስከ 3.5 ቮልት ድረስ እንደሚሠራ ቢጻፍበትም፣ የአየሩ ግፊት በመሪዎቹ ላይ የሚጨምረው ጭነት ገና ስላልተቆጠረ፣ ጉድለቱ ተገኝቶ እስኪታረም ድረስ ከመሬት መነሣት የለበትም።