የገዢው ምኞት በነጋዴ ብልሃት እንደሚበጅ

ሰው ዕቃ በገዛ ጊዜ፥ «መርጬ የገዛሁ እኔ ነኝ» ይላል። ዳሩ ግን ባለ ብዙ ገንዘብ የሆኑ ኩባንያዎች ዕቃውን ብቻ ሳይሆን ምኞቱንም አስቀድመው ያበጁለታል። ለዚህም በአሜሪካ አገር የተደረገው ነገር ምስክር ነው።

በዚያ አገር ሴት በአደባባይ ሲጋራ ብታጨስ እንደ ነውር ይቈጠርባት ነበር። ይህም ነውር የትምባሆውን ገበያ አጠበበው። ስለዚህ አንድ ታላቅ የትምባሆ ኩባንያ ኤድዋርድ በርኔይስ የሚባለውን፥ የሕዝብን አሳብ መምራት የሚያውቀውን ሰው ቀጠረ። እርሱም እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1929 ዓ.ም. በፋሲካቸው ዕለት፥ የኒው ዮርክ ሕዝብ አጊጦ በአምስተኛው ጎዳና ሲመላለስ፥ ወጣት ሴቶች ሲጋራ እያጨሱ እንዲያልፉ አዘጋጀ። ሲጋራውንም «የነጻነት ችቦ» አሰኘው። ጋዜጦች ወሬውን በየከተማው አዳረሱት፤ የኩባንያው እጅ ግን ተሰውሮ ነበር።

እንግዲህ ነገሩን መመርመር ይገባል። ሴቶቹ የተመኙት ነጻነት እውነተኛ ነበረ፤ በ1920 ዓ.ም. የመምረጥን መብት በሕግ ያገኙት ብዙ ዘመን ተባብረው ደክመው ነው። ኩባንያው ግን ይህን ክቡር ስም ወስዶ በትምባሆ ላይ ለጠፈው፤ ነጻ ወጣሁ ያለችውም በሱስ ታሰረች። በ1964 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የጤና ሹም ሲጋራ የሳንባ ነቀርሳ እንደሚያመጣ በይፋ አስታወቀ።

ስለዚህ መምህራንና ሽማግሌዎች ልጆችን እንዲህ ብለው እንዲጠይቁ ያስተምሯቸው፦ «ይህን የምሻው ስለሚያስፈልገኝ ነውን? ወይስ ሌላው እንድሻው ስላደረገኝ? ትርፉስ ለማን ነው?» ጠይቆ የሚገዛ ሰው ለገንዘቡም ለፈቃዱም ጌታ ነው።