ሂደትን በስሙ ማቋረጥ፦ በጋራ ሰርቨር ላይ ያለው ምቾትና አደጋ

በሊኑክስ ሥርዓተ ክወና በሥራ ላይ ያለ እያንዳንዱ ፕሮግራም ሂደት ወይም ፕሮሰስ ይባላል፤ ከርነሉም ለእያንዳንዱ ሂደት የራሱን መለያ ቁጥር ይሰጠዋል። «ኪል» የተባለው ትእዛዝ ሂደትን የሚያቋርጠው በዚህ ቁጥር ነው። ቁጥሩን መፈለግ አሰልቺ በመሆኑ በስም የሚሠሩት «ፒኪል» እና «ኪልኦል» ይበልጥ ምቹ ናቸው። ሆኖም አንድን ስም ብዙ ሂደቶች ሊጋሩት ስለሚችሉ፣ ስም የቁጥርን ያህል አስተማማኝ መለያ አይደለም።

ሁለቱ ትእዛዞች ስምን የሚያዛምዱበት መንገድም ይለያያል። በሊኑክስ ላይ ኪልኦል ሙሉ ስሙ የገጠመውን ብቻ ያቋርጣል። ፒኪል ግን የተሰጠው ቃል በስሙ ውስጥ በየትኛውም ቦታ ቢገኝ ይበቃዋል። ለምሳሌ ከሩቅ ሆኖ በሰርቨር ላይ የሚሠራ ተመራማሪ አንድ የተሰናከለ ግንኙነት ለመዝጋት «ፒኪል ኤስኤስኤች» ብሎ ቢያዝ፣ እርሱን ራሱን ከሰርቨሩ ጋር የሚያገናኘው ሂደት «ኤስኤስኤችዲ» በሚል ስም ስለሚጀምር አብሮ ይቋረጣል።

ከርነሉ ለሂደት ስም የሚይዘው ቦታ 15 ሆሄያት ብቻ ነው። ከዚህም በላይ በፓይተን የተጻፉ ስሌቶች አብዛኛውን ጊዜ በአስተርጓሚው ስም ስለሚመዘገቡ፣ አንዱን ለማስቆም የታሰበ ትእዛዝ የተጠቃሚውን የፓይተን ስሌቶች በሙሉ ሊያስቆም ይችላል። «ኤፍ» የተባለው አማራጭ ሙሉውን የትእዛዝ መስመር ስለሚመረምር በፋይሉ ስም ለመለየት ያስችላል፤ ነገር ግን ያንኑ ፋይል ከትእዛዝ መስመር የተከፈተበትን የጽሑፍ ማረሚያም ሊያቋርጥ ይችላል።

ተራ ተጠቃሚ ማቋረጥ የሚችለው የራሱን ሂደቶች ብቻ ነው። ይህ ገደብ በሩት ሥልጣን ለሚያዝ አስተዳዳሪ አይሠራም፤ በጋራ ሰርቨር ላይ አንድ ያልተጣራ ስም የሌሎችን የቀናት ሥራ ሊያጠፋ የሚችለውም በዚህ ምክንያት ነው።

የጉዳቱ መጠን በሚላከው ሲግናል ይወሰናል። ሌላ ካልተጠቀሰ የሚላከው ሲግናል 15 ነው፤ ይህን እንዲቀበል የተዘጋጀ ፕሮግራም ውጤቱን አስቀምጦ ይወጣል። ሲግናል 9 ግን ለፕሮግራሙ ፋታ ስለማይሰጥ ያልተቀመጠ ውጤት ይጠፋል።

ስለዚህ ከማቋረጥ በፊት ያንኑ ቃል ለ«ፒግሬፕ» ሰጥቶ የሚነኩትን ሂደቶች ማየት ይገባል። ከዚያም በ«ኤክስ» አማራጭ ሙሉ ስምን፣ በ«ዩ» ደግሞ ባለቤቱን መወሰን ይቻላል። ዝርዝሩ አሁንም ከአንድ በላይ ሂደት ካሳየ፣ ወደ መለያ ቁጥሩ መመለስ የተሻለ ነው። ሲግናል 9 የመጨረሻው አማራጭ ሊሆን ይገባል።