የእጅ ፈትልና የሕዝብ ኑሮ

አንባቢ ሆይ፤ ለበጎ አድራጎት በተዘጋጀ ባዛር ላይ ተገኝተው በእጅ የተጠለፈ የጠረጴዛ ልብስ ወይም በእጅ የተሰፋ መሶብ ሳይገዙ አልቀሩም። ዋጋው ከሱቁ ዕቃ ከፍ ያለ መሆኑን እያወቁ፣ ለችግረኞች ነው ብለው ከፍለው ወደ ቤትዎ ይዘውት ይሄዳሉ፤ ከዚያም በኋላ ዕቃው በቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ይኖራል። እንዲህ ያለው ግዢ ከምጽዋት የሚቈጠር ነው። የእጅ ሥራ ከዚህ አልፎ የአንድን መንደር ኑሮ፣ እንዲያውም የአንድን አገር አስተዳደር ለመለወጥ ይረዳልን? ለዚህ ጥያቄ መልስ ከሚሰጡት ታሪኮች አንዱ በህንድ አገር የተደረገው የእጅ ፈትል ሥራ ስለ ሆነ፣ ዛሬ የምንነጋገረው ስለዚሁ ነው። ዓመታቱን የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ህንድ ከጥንት ጀምሮ በጥጥ ጨርቋ የታወቀች አገር ነበረች። በ19ኛው መቶ ዓመት ግን በእንግሊዝ አገር፣ ይልቁንም በላንካሻየር አውራጃ በመኪና የተሠራው ርካሽ ጨርቅ በብዛት እየገባ ገበያዋን ያዘው። የህንድ ጥጥም ባሕር ተሻግሮ ይሄድና ጨርቅ ሆኖ ለህንድ ተመልሶ ይሸጥ ጀመር። ጉዳቱ ጎልቶ የታየው በፈታዮቹ ላይ ነው። ሸማኔው የመኪና ክር እየገዛ ሥራውን ለመቀጠል ሲችል፣ በቤቷ ተቀምጣ ትፈትል የነበረችው ሴት ግን ክሯን የሚገዛት አጣች።

ሞሐንዳስ ጋንዲ በ1909 በጻፉት መጽሐፍ ስለ እጅ ሸማ ሥራ ጥቅም ተናግረው ነበር። የሚያስገርመው ግን፣ በኋላ ራሳቸው በሕይወት ታሪካቸው እንደ ገለጡት፣ ያን ጊዜ የሸማኔ ዕቃም ሆነ የመፍተያ መንኰራኩር ማየታቸውን አያስታውሱም። ያላየውን ሥራ የሚያዝ ሰው በየአገሩ አይጠፋም፤ እሳቸው የሚለዩት ኋላ ቁጭ ብለው በመማራቸው ነው። በ1915 ከደቡብ አፍሪካ ተመልሰው በአሕመዳባድ ከተማ አጠገብ ከተከታዮቻቸው ጋራ የማኅበር ኑሮ መሠረቱ፤ የሸማ ዕቃም አስገብተው መሥራት ጀመሩ። ዳሩ ግን ክሩ የሚመጣው ከፋብሪካ ስለ ነበረ፣ የፋብሪካው ደንበኛ ከመሆን አላለፉም። ስለዚህ ፈትል የሚያውቅ ሰው ይፈለግ ጀመር። ጋንጋቤን ማጁምዳር የተባሉ ባል የሞተባቸው ሴት ከብዙ መንከራተት በኋላ በባሮዳ ግዛት፣ በቪጃፑር፣ ቻርካ የተባለውን መንኰራኩር አገኙት፤ በየቤቱ ቆጥ ላይ ተጥሎ ኖሯል። የዚያ አገር ሰዎችም እንደገና ለመፍተል ፈቃደኞች ነን አሉ፤ ነገር ግን ባዘቶ ሳይቋረጥ እንዲመጣላቸውና የፈተሉት ክር እንዲገዛላቸው ጠየቁ።

ይህን ጥያቄ ልብ ይበሉት። ለችግረኞች የእጅ ሙያ ለማስተማር ታስበው የሚቋቋሙ ብዙ ሥራዎች የሚፈርሱት በዚሁ በኩል ነው። ማስተማሩ ይፈጸማል፤ የምስክር ወረቀትም ይታደላል፤ ጥሬ ዕቃውን የሚያቀርበውና የተሠራውን የሚረከበው ግን ማን እንደ ሆነ ሳይታሰብ ይቀራል። በ1925 የተቋቋመው የመላው ህንድ ፈታዮች ማኅበር ይህንኑ ጉድለት ለመሙላት ጥጥ ያከፋፍል፣ ክር ይረከብ፣ ለሸማኔ ያስተላልፍ፣ ካዲ የተባለውንም ጨርቅ ይሸጥ ነበር።

ገዢውስ ማን ነበር? ካዲ ሻካራ ከመሆኑም በላይ ዋጋው ከፋብሪካ ጨርቅ ይበልጥ ነበር። ጋንዲ በመስከረም 1921 በማዱራይ ከተማ ረዥም ልብሳቸውን ትተው አጭር ሽርጥ ብቻ የታጠቁበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ በቂ ካዲ ለመግዛት ዐቅም የሌለው ድኻ በጥቂቱ እንዲብቃቃና እንዳያፍር ነበር። ስለዚህ የዋጋው ሸክም የወደቀው በጠበቃው፣ በአስተማሪው፣ በጸሐፊው፣ ማለት እርስዎን በመሰለ ደመወዝተኛ ላይ ነው። ያን ሻካራ ልብስ ለብሶ በአደባባይ የሚሄድ ሰው ከማን ጋራ እንደ ቆመ ሳይናገር ይታወቅ ነበር። በ1924 መጨረሻ ደግሞ የህንድ ኮንግረስ አባልነት መዋጮ በወር 2,000 ያርድ ክር እንዲሆን ተወሰነ። ብዕር የለመደ እጅ ባዘቶ መያዝ ከበደውና፣ ሕጉ አንድ ዓመት ሳይሞላው ላላ።

ሐሳቡን የተቃወሙም ነበሩ። ዕውቁ ባለቅኔ ራቢንድራናት ታጎር በ1921 የውጭ አገር ጨርቅ ተከምሮ ሲቃጠል፣ ራቁቱን ያለ ሕዝብ ባለበት አገር ልብስ ማቃጠል እንደማይገባ ጻፉ፤ በ1925ም ሰውን ሁሉ ለአንድ ዐይነት ሥራ ማስገደድ አእምሮን ያደነዝዛል ሲሉ ነቀፉ። ስለ ማቃጠሉ የተናገሩት እውነት ነው እንላለን። ስለ ፈትሉ የተናገሩት ግን ሌላ ሥራ ለመምረጥ የሚችል ሰው አስተያየት ይመስለናል፤ ዝናም እስኪመጣ ብዙ ወራት ሥራ ፈትቶ ለሚቀመጥ ገበሬ ቤት ከክር የምትገኘው ጥቂት ሳንቲም እንኳ የምትናቅ አልነበረችም።

በሌላ ወገን የተጎዳ ሰው አልነበረም ለማለትም አይቻልም። የላንካሻየር ፋብሪካዎች ከህንዶች አድማ ሌላ ብዙ ችግር ነበረባቸው፤ አድማው ግን ሥራ ፈቱን አበዛው። ጋንዲ በመስከረም 1931 ለስብሰባ ወደ እንግሊዝ አገር በሄዱ ጊዜ እዚያው ድረስ ሄደው፣ በዳርዌን ከተማ ከሠራተኞቹ ጋራ ተገናኝተው የህንድን ድኽነት አስረዱ። የፋብሪካው ሴቶች ከበው በደስታ ጩኸት ተቀበሏቸው።

ህንድ በ1947 ነፃነቷን ካገኘች በኋላ፣ ሰንደቅ ዓላማዋ በእጅ ከተፈተለና በእጅ ከተሠራ ጨርቅ ብቻ እንዲሰፋ በደንብ ተወስኖ ኖሯል። በታኅሣሥ 2021 ግን ደንቡ ተሻሽሎ በመኪና የተሠራ ጨርቅና ፖሊስተርም ተፈቀደ። በካርናታካ ግዛት በሁብሊ ከተማ ሰንደቅ ዓላማውን በካዲ የሚሠራው ድርጅት፣ ፈታዮቹና ሸማኔዎቹ እንጀራቸውን ያጣሉ በማለት በ2022 ተቃውሞውን አሰማ።