ክፍሉን በቀን፣ መንገዱን በማታ

አዲስ አበባ ውስጥ የዩኒቨርሲቲ ማደሪያ የሌላት ተማሪ አቅሟ የሚፈቅደው አብዛኛውን ጊዜ ሰርቪስ ክፍል ነው፤ ከዋናው ቤት ጀርባ የተሠራ፣ ሽንት ቤቱና ቧንቧው የጋራ የሆነ። ኮንዶሚኒየም ከፈለገች ሦስትና አራት ሆኖ መከራየት የተለመደ ነው። በሁለቱም መንገድ ክፍል ስትመርጥ አብረዋት የሚኖሩትን ሰዎችም እየመረጠች ነው።

ፍለጋው በደላላ ይጀመራል። ደላላው ኮሚሽኑን የሚያገኘው ስምምነቱ ሲያልቅ ስለሆነ ያጣድፋል፤ «ሌላ ሰው እየጠበቀ ነው፣ ቀብድ ጣይ» ይላል። አከራዩን በአካል ሳያገኙ፣ ቤቱ የእሳቸው መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ወይም ውክልና ሳያዩ ቀብድ መስጠት አይገባም። ያ ገንዘብ ቤተሰብ ከእህሉ ሸጦ የላከው ሊሆን ይችላል።

ቤቱን ለማየት የሄደች ተማሪ መጀመሪያ የምትታየው እሷ ናት። «ብቻሽን ነሽ? እንግዳ ይመጣል? ስንት ሰዓት ትገቢያለሽ?» በእኔ እምነት ከሁሉም የሚከብደው የመጨረሻው ጥያቄ ነው። የማታ ትምህርት ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ያልቃል፤ የታክሲው ሰልፍ ሲጨመርበት 3 ሰዓት ማለፉ አይቀርም። የግቢው በር 3 ሰዓት ላይ የሚቆለፍ ከሆነና የራሷ ቁልፍ ከሌላት፣ ክፍሉ የቱንም ያህል ቢረክስ አይሆናትም። ይህን ሳያፍሩ በመጀመሪያው ቀን መናገር ይሻላል። ክፍሉን በቀን ካዩ በኋላ፣ ከታክሲ መውረጃው እስከ በሩ ያለውን መንገድ ከጓደኛ ጋር ሆኖ በምሽት ተመልሶ ማየትም ያስፈልጋል፤ መብራት አለው? ሰው ይመላለስበታል?

ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ቀኑን፣ ሮቶ ካለ ደግሞ ተከራይ ይጠቀምበት እንደሆነ መጠየቅ ነው። ቆጣሪው የጋራ ከሆነ ሂሳቡ እንዴት እንደሚካፈል፣ ምድጃ ይፈቀድ እንደሆነ መታወቅ አለበት። ርቀትም ወጪ ነው፤ 6 ኪሎ እየተማሩ ቱሉ ዲምቱ መከራየት በኪራይ የተረፈውን በታክሲ ይወስዳል፣ የጥናት ሰዓቱንም ጭምር።

ብዙ ተማሪዎች የማያውቁት ሕግ አለ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከ2 ዓመት እንዳያንስ ያዛል። ቅድሚያ ክፍያ ከ2 ወር ኪራይ መብለጥ የለበትም፤ ክፍያውም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ይፈጸማል። ኪራይ የሚጨመረው በዓመት አንድ ጊዜ፣ ተቆጣጣሪው አካል ባስታወቀው መጠን ብቻ ነው። የስድስት ወር ቅድሚያ የተጠየቀች ተማሪ ይህን ጠቅሳ በትሕትና መነጋገር ትችላለች። ውሉ ሲጻፍ ከኪራዩ መጠን ሌላ የመብራቱ ድርሻ፣ የመግቢያው ሰዓትና የበሩ ቁልፍም ይስፈሩበት።