የዓይን ሞራ ከተገፈፈ በኋላ

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ዓይን ሞራ ነው። ሞራው ከተገፈፈ በኋላ በቤት ውስጥ ስለሚያልፉት ሳምንታት ነው የምነግራችሁ። ቀዶ ሕክምናውን የሚሠራው ሐኪሙ ነው። ከዚያ በኋላ ያሉትን አራት ወይም ስድስት ሳምንታት የሚሠሩት ግን ታካሚውና የቤቱ ሰዎች ናቸው። አንዳንድ ጊዜ ዓይን የሚድነውም የሚጠፋውም በእነዚያ ሳምንታት ነው።

በ1998 ዓ.ም. በሀገራችን ስለ ዓይነ ስውርነት ትልቅ ጥናት ተደርጎ ነበር። በዚያ ጥናት ከ1000 ሰው 16ቱ ዓይነ ስውር ሆነው ተገኙ። ከእነዚህ ውስጥ ግማሽ ያህሉን ያሳወራቸው የዓይን ሞራ ነው። ትራኮማ እንኳ ከእሱ ቀጥሎ ነው የሚመጣው። ሞራ ያሳወረው ዓይን ግን ብዙ ጊዜ ተመልሶ ያያል። ለዚህ ነው ነገሩ የሚያስቆጨው።

ሞራ ምንድን ነው? በዓይናችን ውስጥ፣ ከብሌኑ ኋላ፣ እንደ መስታወት የጠራች ትንሽ ነገር አለች። ሌንስ ይሏታል። ቅርጿ ምስር ይመስላል፤ ስሟም በፈረንጆቹ ጥንታዊ ቋንቋ ምስር ማለት ነው። ዕድሜ ሲገፋ ይህች ሌንስ ትደፈርሳለች። ሐኪሙ የደፈረሰችውን አውጥቶ የፕላስቲክ ሌንስ ይተካል። ይህን መጀመሪያ ያደረገው ሃሮልድ ሪድሊ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ነው፤ ዘመኑም 1942 ዓ.ም. ነው። በጦርነቱ ጊዜ የአውሮፕላን መስኮት ስብርባሪ በአብራሪዎች ዓይን ውስጥ ገብቶ ዓይኑ ስብርባሪውን ችሎት አየ። ከዚያ ነው ሐሳቡ የመጣለት።

እዚህ ሐዋሳ በዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል የዓይን ሕክምና ክፍል አለ። በሀገራችን በዘመቻ መልክ፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ብዙ መቶ ሰው በነፃ የሚታከምበት ጊዜም አለ። ዓይኑ በመርፌ ይደነዝዛል፤ ሥራው ብዙ ጊዜ ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም። ከዚያ ዓይኑ ተሸፍኖ ታድራላችሁ። ሽፋኑን በራሳችሁ እጅ አታንሡት። ማደንዘዣው ሲለቅ ትንሽ መቆርቆር፣ አሸዋ የገባበት ያህል መሰማት ያለ ነገር ነው።

በማግስቱ ሽፋኑ ይነሣል። ያን ጊዜ አንዳንዱ ሰው የልጁን ፊት ወዲያው ያያል። አንዳንዱ ደግሞ ጭጋግ ብቻ ነው የሚታየው። ጭጋግ ያየው ሰው «በቃ፣ አልተሳካልኝም» ብሎ ተስፋ አይቁረጥ። ዓይኑ ገና ቁስል ነው፤ በቀናት፣ ለአንዳንዱም በሳምንታት እየጠራ ይሄዳል። ዓይኑ ይቀላል፣ ያለቅሳል፣ ብርሃን ይከብደዋል። በነጩ ላይ ደም የቋጠረ ቢመስልም እሱ ራሱ ቀስ እያለ ይጠፋል። ቀለም ደግሞ ይለወጥባችኋል። የቆየ ሞራ ሁሉን ነገር ቢጫ አድርጎ ነው የሚያሳየው። ስለዚህ ነጠላው ከለመዳችሁት የበለጠ ነጭ፣ ሐይቃችንም የበለጠ ሰማያዊ ሆኖ ሲታያችሁ አትደንግጡ። እውነተኛ ቀለሙ ያ ነው።

አሁን ወደ ጠብታው ልምጣ። ትልቁ የቤት ሥራ እሱ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው ጠብታ ሁለት ዓይነት ሥራ አለው፤ አንደኛው ተውሳክ ይከላከላል፣ ሌላው የቁስሉን ብግነት ያበርዳል። በመጀመሪያው ሳምንት ቶሎ ቶሎ ይደረጋል፤ ከዚያ ሐኪሙ እየቀነሰው ይሄዳል። ብዙ ሰው በሁለተኛው ሳምንት «አየሁ፣ ዳንኩ» ብሎ ይተወዋል። ያን ጊዜ ብግነቱ ይመለሳል። ሌላው ደግሞ ጠብታው ስለተስማማው ብቻ ወር ካለቀ በኋላም እየገዛ ይቀጥላል። ይህም አደጋ አለው። ብግነት የሚያበርደው ጠብታ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ሲቆይ የዓይንን ግፊት ከፍ ያደርጋል፤ ግፊቱም ዓይን ያሳውራል። ከጎረቤት የተረፈ ጠብታማ ጨርሶ አይነካም።

ማንበብ የጀመራችሁ ሰዎች፣ እዚህ ላይ ትምህርታችሁ ሥራ አገኘ። በወረቀቱ ላይ «በቀን 6 ጊዜ» የሚል ካለ ከጠዋት እስከ መኝታ ስድስት ጊዜ ማለት ነው። «በየ6 ሰዓቱ» የሚል ከሆነ ግን በ24 ሰዓት ውስጥ አራት ጊዜ ነው። «በ6 ሰዓት» ቢል ደግሞ ቀትር ላይ አንድ ጊዜ ነው። ቁጥሩ ያው 6 ነው፤ ትእዛዙ ግን ሦስት ዓይነት ነው። ቁጥሩን ብቻ አይታችሁ አትለፉ፤ አጠገቡ ያለውን ቃል ጭምር አንብቡ። ካልገባችሁ ከሆስፒታሉ ሳትወጡ ነርሷን ጠይቋት። ኧረ አትፈሩ፤ መጠየቅ ነውር አይደለም። ሁለቱ ጠርሙሶች ከተመሳሰሉባችሁ በአንዱ ላይ ክር እሰሩበት።

ጠብታ ሲደረግ እንዲህ ነው። ጠብታ የሚያደርገው ሰው መጀመሪያ እጁን በሳሙና ይታጠባል። ታካሚው ቀና ብሎ ወደ ላይ ያያል። የታችኛው ቆብ በቀስታ ወደ ታች ይሳባል፤ አንድ ጠብታ ብቻ ይጨመራል። የጠርሙሱ አፍ ዓይኑን ወይም ሽፋሽፍቱን መንካት የለበትም። ሁለተኛው ጠብታ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ይደረጋል። ጾም ላይ ያላችሁ፣ የጠብታውን ነገር ከቀዶ ሕክምናው በፊት የሃይማኖት አባታችሁን ጠይቁ። በመካከል ላይ ማቋረጥ አይሆንም።

የምታበሰው በምንድን ነው? በነጠላ ጫፍ ነው። እኔ እንደማየው የሀገራችን ትልቁ የዓይን ጠላት የነጠላ ጫፍ ነው። እንባውን በንጹሕ ጎዝ ወይም ታጥቦ በፈላ፣ በደረቀ ጨርቅ ከጉንጭ ላይ ጥረጉት፤ ዓይኑን ግን አትሹት። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ያህል ውኃ ወደ ዓይን አይግባ። ፊት በርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል። ሐይቅ ውስጥ መዋኘት ይቆይ። ጸበልም ከሆነ ይጠጣ፤ ዓይን ውስጥ አይረጭ። ኩል አይደረግ። ማታ ማታ፣ በእንቅልፍ ልብ ዓይን እንዳይታሽ፣ የፕላስቲኩ መከለያ ይደረግ።

ጠያቂ ወዳጆችንም ላንሣ። ሰው «እንኳን ማረዎ» ሊል ይመጣል፤ ጥሩ ነው። ነገር ግን ቡና ይቆላል፣ ዕጣን ይጨሳል፤ ታካሚዋ እማማም በጭሱ መካከል በርጩማ ላይ ይቀመጣሉ። ጉንጭ ለጉንጭ ስንሳሳም ጭንቅላት ይጋጫል። የልጅ ልጅ እቅፋቸው ውስጥ ሆኖ ጣቱን ወደ ዓይናቸው ይሰዳል። ቡናው በሌላ ክፍል ይቆላ፤ ሰላምታውም በእጅ ይሁን። ሌላም ነገር አለ። እማማ አዩ ብለን እልል ባልን ማግስት ምድጃ ዳር እናስቀምጣቸዋለን፣ እንሰት እናስፍቃቸዋለን፣ የ20 ሊትር ጀሪካን እናሸክማቸዋለን። ይህ ደግነት አይደለም። ለጥቂት ሳምንታት ከባድ ነገር መሸከም፣ እንጨት መፍለጥ፣ ጎንበስ ብሎ መሥራት ይቅር። ስግደትም በመቀመጫ ላይ ይሁን። የሚከለከል ምግብ የለም፤ ጎመን መብላት እንዲያውም ሆድ እንዳይደርቅና እንዳታምጡ ይረዳል። በርበሬ የነካ እጅ ግን ይታጠብ። በባጃጅ ስትሄዱ አቧራ አለና መነጽር አድርጉ።

አሁን የምነግራችሁን ሁለት ጊዜ አንብቡት። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ያለ ሕመም በየቀኑ መቀነስ አለበት። ሕመሙ ከጨመረ፣ መቅላቱ ከባሰ፣ ትናንት ያያችሁት ዛሬ ከደበዘዘ፣ ወይም መግል ከወጣ፣ ተውሳክ ወደ ዓይኑ ውስጥ ገብቶ ሊሆን ይችላል። ይህ የሚመጣው በጥቂት ሰው ላይ ነው፤ ብዙውን ጊዜም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ውስጥ ነው። ከመጣ ግን በሰዓታት ዓይን ያጠፋል። «ቀጠሮዬ ሐሙስ ነው» ብሎ መጠበቅ የለም፤ ሌሊትም ቢሆን መሄድ ነው። ብልጭ ብልጭ የሚል ብርሃን፣ ብዙ ጥቁር ነጠብጣብ፣ ወይም ከጎን የሚጋርድ መጋረጃ ቢታያችሁም እንዲሁ በዚያው ቀን ሂዱ። ዘመቻው አልቆ ሐኪሞቹ ከሄዱ ወዴት ትሄዳላችሁ? ይህን ጥያቄ ከሆስፒታሉ ሳትወጡ ጠይቁና ቦታውንና ስልኩን በካርዳችሁ ላይ ጻፉ። ራቅ ካለ ገጠር የመጣችሁ፣ የመኪና ገንዘብ ለብቻ አስቀምጡ።

ለመነጽር አትቸኩሉ። የፕላስቲኳ ሌንስ እንደ ወጣት ዓይን ቅርብና ሩቅ አታፈራርቅም። ብዙ ሰው ሩቁን አጥርቶ እያየ መጽሐፍ ሲይዝ ፊደሉ ይደበዝዝበታል። ይህ ሰው ትምህርቱ አልጠፋውም፤ የማንበቢያ መነጽር ነው የሚያስፈልገው። የሚለካውም ዓይኑ ሲረጋ፣ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት በኋላ ነው። ደግሞ ሞራው ቢገፈፍም በዓይን ግፊት ወይም በስኳር በሽታ ኋላው የተጎዳ ዓይን ሙሉ በሙሉ ላያይ ይችላል። ይህን ሐኪሙ አስቀድሞ ቢነግራችሁ አትቀየሙት።

ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ እይታችሁ እንደገና ቢደበዝዝ «ሞራዬ ተመለሰ» አትበሉ። የወጣ ሞራ አይመለስም። ሌንሷን የያዘችው ስስ ከረጢት ደፍርሳ ይሆናል። እሷን ሐኪም በጨረር በጥቂት ደቂቃ ይከፍታታል፤ ቢላዋ የለውም፣ ማደርም የለውም። ሁለተኛው ዓይናችሁም ሞራ ካለበት፣ የመጀመሪያው ከዳነ በኋላ ቀጠሮ አስይዙለት።